የጅብ ዋስ

አጋም ሲቆረጥ የሚያወጣው ነጭ ደም የራሱ ሽታ አለው። መራራ ነው፤ ግን ትንሽ ይጣፍጣል። ባለፈው ጥር ለሠርግ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ለበግ ጉረኖ የሚሆን ትኩስ አጋም መሬት ለመሬት እየጎተቱ አለፉኝ። እግሬ ቀጥ አለ። አብራኝ የምትሄደው የአክስቴ ልጅ ዞር ብላ፣

«ምነው፣ ወጋሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። የወጋኝ የዛሬ እሾህ እንዳልሆነ ላስረዳ ብል ሠርጉ ያመልጠን ነበር።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ አንድ ሁዳዴ የጅብ ዋስ ነበርኩ። ሳቁ፤ አገሩም ስቋል።

መንደራችን ከማንኩሳ ከፍ ብላ፣ አሥራ አንድ ቤት ሆና በጊዮርጊስ ደብር ሥር የተቀመጠች ናት። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ መሬቱ እንደገና ተደልድሎ «እገሌ ወሰን ገፋ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ዛፍ የሚባል ነገር የቀረው በደብሩ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዶቅማው እዚያ ነው፤ ጅቡም እዚያው ነው። ሌላ የት ይሂድ?

በአዘቦቱ ከጅብ ጋር ክፉም ደግም አልነበረንም። ሲመሽ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ሥጋ ቤቶች የጣሉትን አጥንት ለቅሞ ሳይነጋ ይመለሳል። ጩኸቱን ሰምተን «ሄደ»፣ «ተመለሰ» እንላለን፤ የቡሬን አውቶቡስ እንደምንለው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ሰው ሲጾም ጅብም ሳይወድ በግዱ ይጾማል፤ ያኔ ዓይኑን አህያ ላይ ይጥላል። እኔ ይህን ነገር በራሴ መንገድ ተርጉሜው ነበር። ጅብ ክርስቲያን ስለሆነ በጾም የበሬ ሥጋ አይነካም፤ አህያ ግን እኛም የማንበላው ነገር ስለሆነ ከሥጋ አይቆጠርም፣ ስለዚህ አያስገድፈውም አልኩ። ይህንን ለደብራችን ቄስ ለመምሬ ውብሸት ብነግራቸው ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ይህቺንስ ለሊቃውንቱ ማቅረብ ነው» አሉኝ። እኔ የምር መስሎኝ ስንት ቀን ጠበቅኩ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ውሻችን መከታ አራት ቡችሎች ወልዳ ነበር፤ አራቱም ጥቁር። ዓይናቸው በተገለጠ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሉም። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ «አባትሽን ጠይቂ» አለች። አባቴን ብጠይቃቸው፣

«ጅብ ወሰዳቸው» አሉኝና የሞፈር ጠረባቸውን ቀጠሉ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ድንቡሽ ተበላ። ድንቡሽ የአህያችን የዳልቻ ውርንጭላ ነው። ጨው በመዳፌ ያስላስኩት እኔ ነኝ፤ ጆሮው ውስጥ ያለውን ለስላሳ ጠጉር እያሻሸሁ ያስተኛሁትም እኔው። ጠዋት ስንነሣ የበረቱ እሾህ ተገፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ከድንቡሽ የቀረችው ጭራው ብቻ ነበረች። ዳልቻ ሦስት ቀን ሣር አልቀመሰችም። እኔ አለቀስኩ። አባቴ አላለቀሱም፤ ግን ያንን እሾህ ላልቶ የዘጉት እሳቸው ስለነበሩ ሰው ቀና ብለው ማየት ተሳናቸው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እኔን ነው ለካ» ይላሉ ደግመው ደጋግመው።

ጅቧን ጠላኋት። በሁለተኛው ሳምንት ጠልቻት በሦስተኛው ባልወዳት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ከደብሩ ጫካ እንጨት መስበር ነውር ነው፤ የሰበረ ክንዱ ይደርቃል ይባላል። እኔ «የወደቀ ጭራሮ መልቀም መስበር አይደለም» ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቼ፣ በታች በኩል በፈረሰው ቅጥር ሹልክ እያልኩ እለቅም ነበር። ተስማምቼስ? ማታ ማታ ቀኝ ክንዴ ይነዝረኝ ነበር፤ እሱን በግራዬ ይዤ ነው የምተኛው። አንድ ቀን ከሰዓት ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ የጉድጓድ አፍ ላይ፣ ሁለት ቡችሎች ሲንከባለሉ አየሁ። ጥቁር! አፍንጫቸው ደፍጣጣ፣ ሆዳቸው ቦርጫም።

ልቤ ልትወጣ ደረሰች። የመከታ ልጆች ናቸው! አባቴ «ጅብ ወሰዳቸው» አሉ እንጂ «በላቸው» መች አሉ? ወስዳ እያሳደገቻቸው ነዋ! ሁለቱ የት እንደገቡ ባላውቅም ሁለቱን አገኘሁ። ለሰው እንዳልናገር «ጫካ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» መባል አለ። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ጅቧ ታሳድግልኝ፣ ከዚያ በቅርጫት ይዣቸው እገባለሁ ብዬ ቆረጥኩና ዝም አልኩ።

ዝም ባልኩ በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ወንዶች ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት ሌላ አህያ ተበልቶ ነበር፤ የባልቴቷ ጎረቤታችን የእትዬ የሹምነሽ። ብዙ የተናገሩት አያ ሙጬ ናቸው። አያ ሙጬ ከእኛ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከእጃቸው ምላሳቸው የሚፈጥን ሰው ናቸው።

«ጉድጓዷ ይታወቃል። በርበሬ አጭሰን አፉን መድፈን ነው» አሉ።

«በደብሩ ቅጥር ደም አይፈስም» አሉ መምሬ ውብሸት።

«ደም ማን አለ መምሬ? ጭስ ነው። ጭስማ ቤተ መቅደሱም ውስጥ አለ።»

«እሱ ዕጣን ነው» አሉ መምሬ፤ ግን የእትዬ የሹምነሽን እንባ እያዩ ከዚህ በላይ አልተከራከሩም። ለዓርብ ጠዋት ተቀጠሩ። በርበሬውን የሚያመጡት አባቴ ሆኑ።

አሁን ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሃ ናቸው፤ ኩራታቸው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። አያታቸው የወንድማቸውን ገዳይ ሦስት ዓመት ፈልገው፣ በመጨረሻ እዚሁ ጊዮርጊስ ያገኙታል። ሰውየው ግን ቀድሞ ደወሉን ደውሎ ተማጥኗል። አያትየው ጠመንጃቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። በኋላ ሰውየው ዋስ ጠርቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። አባቴ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ «ደወል ከተደወለ ደመኛም ደመኛ አይደለም» ብለው ነው የሚጨርሱት። እኔ ይህን ታሪክ ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ብዬ ወጣሁና ደብር ገባሁ። ደወላችን ከወይራው ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሦስት ረዣዥም ድንጋዮች ናቸው። ከዲያቆኑ በቀር ማንም አይነካቸውም፤ ሴት ልጅማ ጨርሶ። አንድ ድንጋይ አንሥቼ በሁለት እጄ መታሁ። አቤት ሲጮኽ! እንደ ብረት ነው የጮኸው። ፈርቼ ላቆም ስል «ቡችሎቹ» አልኩና ደገምኩ፣ ሠለስኩ።

በዚያ ሰዓት ደወል ማለት ወይ ሞት ነው ወይ እሳት። አገሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው «ወየው! ማን ነው?» እያሉ፤ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው። አባቴ በአንድ እጃቸው የበርበሬ ቋጠሮ፣ በሌላው የሚጨስ ጉማጅ ይዘው መጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ መምሬ ውብሸት፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ደወለ?»

«እኔ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጅቧ። ተማጥኜላት ነው» አልኩ። ጨመርኩበትም፦ «ልጆች አሏት። እጅ ስለሌላት ራሷ መደወል አትችልም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። አያ ሙጬ ሆዳቸውን ይዘው፣

«ወይ ጉድ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኛዋ ደግሞ በሚያውቋት አገር ጠበቃ አቆመች!» አሉ።

አባቴ ብቻ አልሳቁም። ድንጋዮቹን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። አገሩ ሁሉ የአያታቸውን ታሪክ ከሳቸው አፍ ሰምቷል። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመና ዓይን ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ጉማጁን በእግራቸው ረግጠው አጠፉ፤ የበርበሬውን ቋጠሮ ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀመጡ።

መምሬ ውብሸት ይህን አይተው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም።

«መልካም። የተማጠነ ዋስ ይጠራል። የጅቧ ዋስ ማን ነው?»

«እኔ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ ነሽ። ልጅ ዋስ አይሆንም።»

 አባቴ ቀርበው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

«የእሷ ዋስ እኔ ነኝ» አሉ።

መምሬ ውብሸት ፍርዱን እዚያው ቆመው ሰጡ። ፋሲካ ሲደርስ ሥጋ ቤቱ ይከፈታል፣ ጅቧም ወደ ድሮ መንገዷ ትመለሳለች። እስከዚያ ጉድጓዷን የሚነካ የለም። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ የአንድ ሰው አህያ ወይ ጥጃ ብትበላ፣ አባቴ በራሳቸው አህያ፣ በዳልቻ ይተካሉ፤ ጉድጓዱም ይታጠናል።

«ባለቤቱ መዝጋት ቢረሳስ?» አሉ አያ ሙጬ።

«ዋሷ ታስታውስ» አሉ መምሬ። «ዋስ ምን ይሠራል ታዲያ?»

ዳልቻ ከሄደች እህሉን ማንኩሳ ወፍጮ ቤት የምታደርሰው እናቴ በጀርባዋ ነው። ስንመለስ እናቴ ድስቱን ከወትሮው አጥብቃ ነው ያማሰለችው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ፀሐይ ወደ ቡሬ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በትሬን አነሣለሁ። «እንደምን አመሻችሁ! አህያ ገብታለች? ጥጃ ገብቷል?» እያልኩ ደጃፍ ለደጃፍ መዞር ነው። የበረቱ በር መዝጊያ አጋም ስለሆነ፣ ያልተዘጋውን ራሴ ጎትቼ እዘጋለሁ። እሾሁ ይቧጥጠኛል፣ ነጩ ደሙ ጣቶቼን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። አስተማሪያችን እጄን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩት።

ሰዉማ መጫወቻ አደረገኝ። «የጅብ ዋስ መጣች፣ ውርንጭላ ደብቁ!» ይላሉ። የክፍል ልጆች ሳልፍ «ኡኡኡዊ» ብለው ይጮኹብኛል። አህያቸውን የተነጠቁት እትዬ የሹምነሽ ግን ከተሳላቂዎቹ አልሆኑም። እሳቸው ደጃፍ ስደርስ ጥጃቸው ሁልጊዜ ገብቶ፣ እሾሁ ተዘግቶ ነው የማገኘው።

«አልተቀየሙኝም እትዬ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«በማን ልቀየም? ርቧት ነው፤ እኔም ይርበኛል» ብለው የሽምብራ ቆሎ በእፍኜ ሞሉልኝ።

ሳምንት ሲደራረብ ሰዉ እኔ ሳልደርስ ይዘጋ ጀመር፤ «ዛሬ ቀደምንሽ!» ለማለት። ጅቧ መሸት ሲል በመንደሩ ዳር ታልፋለች፤ ጠዋት እንደ ኖራ የነጣ ኩሷን መንገድ ላይ አያለሁ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ግን የማንንም በር ነክታ አታውቅም። የቀበሌው ሚሊሻ ሳይቀር «እንዲህ ያለ ሁዳዴ አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም ኮራሁ፤ መቼም ያኔ ስኮራ ባያችሁኝ።

አያ ሙጬ ብቻ ይረሳሉ። አህያቸው ያረጀች፣ ጀርባዋ የቆሰለ ገጣባ ናት። በሄድኩ ቁጥር ውጭ ታስራ አገኛታለሁ።

«አያ ሙጬ፣ አህያዎ ውጭ ናት እኮ!»

«ኧረ? ረሳኋት። እርጅና ነዋ!»

ሌላ ነገር ግን አይረሱም። ስንት ዓመት ያለፈውን የማን በሬ የማን ማሳ እንደገባ ያውቃሉ። እኔ ሞኟ አዘንኩላቸው። መምሬ ውብሸት ዘንድ ሄጄ የመርሳት በሽታ የሚያድን ጠበል እንዲሰጡልኝ ጠየቅኩ። መምሬ ትክ ብለው አዩኝና፣

«ለዚህኛው ጠበል አይሠራም። አንቺው ዓይንሽን አትንቀዪ» አሉኝ።

እናቴም ስነግራት «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች። እኔ ስለ ጅቧ የምታወራ መስሎኝ «እሷ እኮ ምንም አላደረገች» ብዬ ተከራከርኳት።

ስቅለት ዕለት አገሩ ሁሉ ደብር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ውለን ጉልበቴ እንደ ቅቤ ቀልጧል። ቄሶቹ ሰውን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ስግደቱን ሲያዝዙ፣ ከፊቴ አያ ሙጬ ተራ ይዘው ቆመዋል። ዞር ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። በዚያ ሁሉ ቀን ፈገግ ብለውልኝ አያውቁም። ያቺ ፈገግታ አላማረችኝም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ከእናቴ ጎን ሹልክ አልኩ።

በረታቸው ባዶ ነው። ደጃቸውም ላይ የለችም። ዞሬ ዞሬ ላለቅስ ስል ከጫካው ግርጌ የአህያ ድምፅ ሰማሁ። የፈረሰው ቅጥር አጠገብ፣ ዶቅማው ላይ፣ በአጭር ገመድ ጥፍር ተደርጋ ታስራለች። ከትልቁ ድንጋይ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ከላይ የሰዉ «ኪርያላይሶን» ይሰማል።

ገመዱን ልፈታ ጎንበስ ስል አየኋት። ጅቧ ጉድጓዷ አፍ ላይ በጎኗ ተጋድማ ሁለቱን ቡችሎች ታጠባለች። አህያዋን ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ አልተነሣችም። አንደኛው ቡችላ ጡቱን ለቅቆ ቀና አለ። ጆሮው ክብ ነው። አንገቱ ላይ ጥቁሩ ሳስቶ ነጠብጣብ ብቅ ማለት ጀምሯል። አፉን ከፈተና በቀጭኑ ጮኸ፤ የክፍል ልጆች ሲያበሽቁኝ የሚጮኹትን ጩኸት።

ውሻ እንዲህ አይጮኽም። የማንም ውሻ እንዲህ አይጮኽም።

የመከታ ልጆች አይደሉም። የእሷው ናቸው። ድንቡሽን በልታ፣ ወተት አድርጋ ያጠባቻቸው እነዚህን ነው። እኔም እጄን በእሾህ እያስበላሁ ስጠብቅ የከረምኩት እነዚህኑ ነው። እንባዬ ሲወርድ አልታወቀኝም። ገመዱን ትቼ ብሄድ በቃ። ገጣባዋን ትበላለች፣ ነገ ጉድጓዱ ይታጠናል፣ የድንቡሽ ደም ይመለሳል። እጄ ገመዱ ላይ ቆመ። ግን አባቴ «የእሷ ዋስ እኔ ነኝ» ያሉት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ ገጣባዋ ከተበላች የምትሄደው ዳልቻ ናት። እየተነፋረቅኩ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁትና አህያዋን ወደ ኋላዬ እያየሁ ጎተትኳት።

ወደ አያ ሙጬ በረት ብመልሳት ተመልሰው ያወጧታል። ከዳልቻ ጎን አሰርኳት፣ ገለባ ሰጠኋት፣ እሾሁን ዘጋሁ። የእኛ ሰዎች ሲመጡ ተኝቼ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ቄጠማ የሚታደልበት ቀን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቄጠማውን ራሱ ላይ አስሮ ደጃችን ሲያልፍ፣ በረታችን ገና ሳይከፈት፣ አያ ሙጬ የእሳቸውን እንዳሰሩ እያለቀሱ መጡ።

«በላችብኝ! አጥንቷን እንኳ አላስተረፈችልኝም! ዋስ ይተካልኝ!»

ሰው ተሰበሰበ። እኔ አፌን ከፈትኩ። አባቴ እጃቸውን አነሡብኝ።

«ተይ። ዋስ ሲጠራ አያመካኝም» አሉ።

ገመድ አነሡና ወደ በረቱ ሄዱ። አልጠየቁም፤ የት ታስራ ነበር፣ ማን አየ አላሉም። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባቴ እሾሁን በባዶ እጃቸው ጎትተው ከፈቱና ገቡ። ቆዩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ነገር አላውቅም።

«አያ ሙጬ» አሉ ከውስጥ።

«አቤት።»

«እስኪ ይምጡ። የትኛዋን ልስጥዎ?»

አያ ሙጬ አንገታቸውን አስግገው ገቡ። ገጣባቸው ከዳልቻ ጎን ቆማ የኛን ገለባ ታላምጣለች። ከሰዉ መሀል አንዲት ሴት «እሰይ!» አለች፤ ሌላው ሳቁን በቄጠማው ሸፈነ። አያ ሙጬ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጀርባዋ አይጭንም» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እኔም ጀርባዬ አይችልም። ምን ልሁን ብዬ ነው?»

አባቴ የገጣባዋን ገመድ እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ቁስሏን ቅባት ያድርጉላት። ወፍጮ ቤት ሲያምርዎ ደግሞ ዳልቻን መጥተው ይውሰዱ። ለመጫን ነው እንጂ ለመተካት አይደለም።»

ሰው ሲበተን አባቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።  እኔ አጠገባቸው ሄጄ ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ጭራሮውን፣ ክንዴን፣ ቡችሎቹን፣ የመከታ ልጆች መስለውኝ እንደነበር፣ ትናንት ያየሁትን። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣

«የመከታን ልጆች ጅብ አልወሰዳቸውም» አሉ። «የምንመግባቸው አልነበረንም። ለአንድ የቡሬ ባላገር ማንኩሳ ገበያ ላይ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጅብ ቢባል አልቅሰሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው።»

«ዋሹኝ!» አልኩ። አባቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። «እንግዲያው እኔ ዋስ አይደለሁም! ዋስ የሆንኩት ለቡችሎቻችን ነው። ድንቡሽን ለበላች ዋስ አልሆንም!»

«ስትደውዪ ስለ ማን አልሽ?»

ፊቴን ወደ በረቱ አዞርኩ።

«ስለ ጅቧ አልሽ። አገሩ የሰማው እሱን ነው» አሉ። ቀጥለውም «እኔም እጠላታለሁ ብርቄ። ከአንቺ በፊት ጠልቻታለሁ» አሉ። «ፋሲካ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«እንግዲያው የዛሬ ምሽት ይቀርሻል።»

ቀኑን አኩርፌ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን በትሬን አነሣሁ። ከየቤቱ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፣ ለሌሊቱ ነጭ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። እንደምን አመሻችሁ አላልኩም፤ ማንም አላሾፈብኝም። አያ ሙጬ ደጃፍ ስደርስ አህያዋ ገብታለች፣ በሩ ግን ጀርባቸው አልችል ብሎ በግማሽ ቀርቷል። የቀረውን ጎተትኩት። ከላይ ከጫካው ጅቧ ጮኸች። ልጆቿም በቀጭኑ ተከተሏት። ድንቡሽ ትዝ ብሎኝ ከልቤ ጠላኋት፤ በሩን ግን አንድም ሳላስቀር ዘጋሁላት።